የፋይበሩ ቦይና የበርበሬው ማሳ

አንድ ነገር በደጃችሁ እያለፈ ለእናንተ ሳይደርስ ቀርቶ ያውቃል? የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ይገኛል። የፈጣኑ ኢንተርኔት ዋና የፋይበር መስመር አስፋልቱን ተከትሎ ሲቀበር ተማሪዎቼ ቆመው ተመለከቱ። እኛ ጋ ግን አልገባም።

ምክንያቱን ላስረዳ፤ ማስረዳት ደስ ይለኛል። ዋናው መስመር ከተማን ከከተማ እንዲያገናኝ ታቅዶ በጀት ተይዞለታል። ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለችው ቁራጭ ግን የማንም አይደለችም። ዘርጊው መሥሪያ ቤት “የወረዳው ናት” ይላል፤ ወረዳው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይመራናል፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ “የኅብረተሰቡ ድርሻ ናት” ይላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ሆኗልና፣ መስመሩ ካልገባ ልጆቻችን ለመፈተን ከተማ ወርደው ቤት ሊከራዩ ነው።

በመጨረሻ የሠራተኞቹ ፎርማን አዘነልን። “ቦዩን እናንተ ቆፍሩ፣ ገመዱን እኛ እንጥላለን። ሰኞ ግን ወደ ቡሬ እናልፋለን” አለን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ማግስቱ ሚካኤል፣ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት፤ በእኛ አገር በእነዚህ ቀናት መሬት አይቆፈርም። የቀረችን ዐርብ ብቻ ነበረች።

ቦዩ የሚያልፈው ደግሞ በአንድ ሽማግሌ ገበሬ የበርበሬ ማሳ መካከል ነው። በርበሬው ቀልቷል፣ ገና አልተለቀመም። የመስመሩን ሥዕል ይዤ ቤታቸው ሄድኩና ከመጀመሪያው ማብራራት ያዝኩ።

“ልጄ፣ ገብቶኛል” አሉኝ እጃቸውን አንሥተው። “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ነው ነገሩ። ግን በርበሬዬን ቆፋሪ ሁሉ ሲረግጠው ዝም ብዬ ልይ?”

“ካሳውን ወረዳውን እንጠይቃለን፣ አባባ።”

“ወረዳው እስኪመልስልህ እኔም በርበሬውም እንደርቃለን!”

ባለቤታቸው ከጓዳ ሳቁ። “ታዲያ ቀድማችሁ ልቀሙልን እንጂ! ደቦ ጥሩ። ጠላ እንደሆነ ለሚካኤል የጠመቅሁት ይተርፋል።”

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። “ካልሰበራችሁት ይሁን” አሉ።

ዐርብ ጠዋት መምህራኑ፣ ተማሪዎቹና ወላጆች ቅርጫት ይዘን ማሳው ላይ ተሰለፍን። ከፊት እንለቅማለን፣ ባዶ በሆነው ላይ ቆፋሪዎች ይከተላሉ፣ ከኋላ ገመዱ ይጣላል። እኔም አጋጣሚው አያምልጠኝ ብዬ ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ እየሮጠ ድምፅና ምስል እንዴት እንደሚያደርስ ማስረዳት ጀመርኩ።

“መምህር፣ እጅህም እንደ አፍህ ይፍጠን!” አለችኝ አንዲት የተማሪ እናት።

ላቤን ልጠርግ ስል በርበሬ የነካ እጄን ዓይኔ ውስጥ ከተትኩት። ዘለልኩ።

“ብርሃኑ ታየህ?” ብለው ለቃሚዎቹ ጮኹ። ውኃ እስኪያፈሱልኝ ድረስ ሥራው በሳቅ ቆመ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦዩ ከግቢያችን ደረሰ፤ አፈሩም ተመለሰ። ጥቂት የበርበሬ እግሮች ተሰብረዋል፤ ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ አለፉ። መስመሩ ተገናኝቶ በኮምፒውተር ክፍሉ ኢንተርኔቱን የምትቀበለው ሣጥን አረንጓዴ መብራቷን ስታበራ ጠርተን አሳየናቸው። ጎንበስ ብለው ተመለከቷት።

“ለዚች ጭላንጭል ነው ያን ያህል የለፈለፍከው?”

ልጆቻችን በዚያው ክፍል ተፈተኑ። ገመዱ ቢበጠስ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ግን ቢሮዎቹ ዛሬም አልተስማሙም።

እስኪ እናንተም ሞክሩት። ዋናው መስመር በአቅራቢያችሁ ካለፈ፣ የቀረችውን ቁራጭ መንገድ በእግራችሁ ሂዱባት፤ ማሳው የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱን ምን ሥራ እንደሚጠብቀው ጠይቁ። መጀመሪያ ሥራውን አግዙ፤ ቦዩን ከዚያ ለምኑ።