ሞኒተሩ ያወፈረው በሬ

ለፎቶ ቤቴ ሰፊ ሞኒተር የገዛሁ ሰሞን፣ አያ አዱኛ የልጃቸውን የሠርግ ቪዲዮ ሊያዩ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር መጡ። ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ሙሽራዋ ድብልብል ብላለች። አፍሬ ቶሎ አስተካከልኩት።

«ምነው ልጄን አከሳሃት? አማቾቿ አስርበው አሳደጓት ይሉናል!»

«አያ፣ ትክክለኛው መልኳ ይኸ ነው።»

«የልጄን መልክ አንተ ልትነግረኝ? መልሳት!»

መልሼ ለጠጥኳት። «አሁን ሸጋ!» ብለው ተደላድለው ተቀመጡ። ቀጥሎ ለድግሱ የታረደው በሬ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ መጣ። አያ ብድግ አሉ።

«ይኸን የሚያህል በሬ አርጄ ነው፣ ሥጋ ያስጠበቅሁት ወንድሜ አለቀ ብሎ እንግዳ ፊት ያዋረደኝ?»

«ኧረ አያ፣ ቆዩ! እሱንም ላክሳልዎ!» ብል ማን ሰምቶኝ፤ ዱላቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ገሰገሱ።