ሁለት ናሙና፣ አንድ ጥንድ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ኢንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ነኝ። ለሚሊሻ ሠልጣኞች የሚገዛው የቆዳ ጫማ በእኔ እጅ ነበር። ዋጋ እንዲወዳደሩ ለሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ልኬ፣ ከየዋጋቸው ጋር አንድ አንድ እግር ናሙና እንዲያመጡ ጠይቄ ነበር። በጀቱ ቁርጥ ያለ ነው፤ ዋጋው ከተወደደ ከሠልጣኞቹ የተወሰኑት በዚያ ጭቃ በፕላስቲክ ጫማ ይሠለጥናሉ።

ናሙናዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። የአንደኛው ነጋዴ የግራ ነው፤ የሁለተኛው የቀኝ፤ የሦስተኛው ለብቻው ነው። የሁለቱን አስጠግቼ ሳያቸው አንድ ጥንድ ናቸው። ሶላቸው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር እንኳ አንድ ነው።

አለቃዬ ሳሳያቸው ሳቁ። «የተባለው ሦስት ፕሮፎርማ ነው፤ ሦስት አለሽ። ዝቅተኛውን መርጠሽ ፈርሚ እንጂ ጫማ ታጋቢያለሽ እንዴ?»

ከምሳ በኋላ ዝቅተኛውን ዋጋ ወደሰጡት ሽማግሌ ሱቅ ሄድኩ። የግራውንና የቀኙን ጫማ ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ ሁለቱም ጫማ ከእርስዎ ሱቅ ነው የወጣው?»

«ከእኔ ነዋ» አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው። «እነዚያ ሁለቱ ጫማ የላቸውም፤ እኔ በሞላሁት ወረቀት ላይ ማህተማቸውን መቱልኝ። ባለፈው ለድንኳኑ ግዥ እኔ መትቼላቸዋለሁ። ጎረቤት አይደለንም? ናሙናውም፣ አንድ ጥንድ ለሁለቱ ከበቃ ሌላ ጥንድ ምን ያስፈታል?»

«ዋጋውስ?»

«ዋጋው ደግ ነው፣ ልጄ። ከእኔ የሚረክስ ካገኘሽ እዚያው ግዢ።»

የሚዋሹ አይመስሉም። ግን ዋጋ የተጠየቁት እሳቸው ብቻ ከሆኑ የዋጋውን ደግነት በምን አውቃለሁ? ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተምታታብኝ። ሦስቱንም ወረቀት ለእሳቸው የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ «ለጎረቤቶቼ እኔ አደርስልሻለሁ» ሲሉኝ፣ ትልቅ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል ብዬ። ብፈርም ውሸት ነው። ባልፈርም ሥልጠናው በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ጫማ ይጀመራል።

በማግስቱ ጠዋት ሳልፈርም የግራውን ጫማ በፌስታል ይዤ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ባለሱቅ ጫማውን አገላብጠው፣ «ለአንድ ሰው ነው ለብዙ?» አሉኝ።

«ለብዙ ሰው» አልኩና ባዶ ፕሮፎርማና ፖስታ አወጣሁ። «እርስዎ ራስዎ ይሙሉት። እዚሁ ሆኜ ልጠብቅ፤ አሽገው ይስጡኝ።»

የታሸገውን ተቀበልኩ። ሌላውን ባዶ ፖስታ የሚያደርስልኝ ሰው አልፈለግሁም። ይዤው ወደሚቀጥለው ሱቅ በእግሬ ሄድኩ።