ምላጩን ማን ይያዝ

ፖሊሶቹ የመጡት ስልኬን ፈልገው ነበር። ሰፈራችን ሲፈርስ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ለቅቄው ነበር፤ አሮጊቶች ከፈረሰው ቤታቸው ፊት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው የሚናገሩበት ቪዲዮ ነው። ስልኬን ወሰዱ፣ መታወቂያዬን ጠየቁ። አንደኛው መታወቂያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሹሩባዬን አየ።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለው ጓደኛውን።

እኔን አልጠየቀኝም እንጂ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ወንድ ተብዬ የተወለድኩ፣ ሴት ሆኜ የምኖር ሰው ነኝ። ለእናቴም የነገርኳት ከዚህ በረዘመ ቃል አልነበረም።

አስረው ወስደው ያስገቡኝ ወንዶች ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ብርድ ልብስና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነበር። ጫማዎች በሩ ሥር በሥርዓት ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ከቤት የመጣ ስንቅ በፌስታል በፌስታል ተንጠልጥሏል። የተላጨ ራስ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሯል።

ከጥግ በኩል አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። አንደኛው የመነጽሩ እጀታ በክር የታሰረ ነው።

“ጫማ እዚያ ጋ ይወለቃል” አሉ። “እንኳን ደህና መጡ አልልዎትም፤ ግን ይቀመጡ።”

ጡረታ የወጡ መምህር መሆናቸውን፣ የክፍሉም ሰብሳቢ እሳቸው መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ። ሁሉም “ጋሼ” ነው የሚላቸው። እስረኞቹ ክፍሉን “ቤት” ይሉታል፤ ቤቱን ደግሞ ኮሚቴ ነበር የሚያስተዳድረው። የምግብ አለ፣ የንጽሕና አለ፣ የመኝታ አለ። አብዛኞቹ በፖለቲካ የታሰሩ ናቸው። ውጭ ቢገናኙ ሰላም የማይባባሉ የተለያዩ ድርጅቶች ሰዎች እዚህ በአንድ መጥረጊያ በየተራ ይጠርጋሉ። ለሁሉም ነገር ስብሰባ ይጠራል፣ አጀንዳ ይያዛል፣ እጅ ይወጣል። ከመስመር የወጣ ተናጋሪ ካለ “ሥነ ሥርዓት!” ብሎ የሚያስቆመው አይጠፋም። አገር እንዲያስተዳድሩ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች አንዲት ክፍል አግኝተው በወጉ ይዘዋታል ብዬ በልቤ ሳቅኩ።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ግን አጀንዳው እኔ ሆንኩ።

ያቀረበው አንድ የሕግ ተማሪ ነው። ድምፁ ጎላ ያለ፣ ጥቁር ሹራብ ከላዩ የማይጠፋ ልጅ። ተነሥቶ እኔን ሳያይ ተናገረ።

“ሁለት ነጥብ አለኝ። አንደኛ፣ ይሄ ሰው ወንድ ይሁን ሴት መጣራት አለበት። ልብሱን ያውልቅና ሁለት ሰው ይየው። ሁለተኛ፣ ፀጉሩ ይላጭ።”

“ልክ ነው” አለ አንዱ።

“ስምንተኛው ሺህ ማለት ይኸው ነው” አለ ሌላው፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ፈራሁ። ልብሴን አንዴ ካስወለቁኝ ነገሩ በማየት እንደማያበቃ አውቃለሁ፤ የሚወጣበት በር ደግሞ የለም። ቢሆንም ከፍርሃቴ በላይ ንዴቴ ገፋኝ። ከትናንት ጀምሮ ስብሰባቸውን ስሰማ ውያለሁ፤ ደንባቸው ገብቶኛል። እጄን አውጥቼ እኔም እንደነሱ ጮህኩ።

“ሥነ ሥርዓት!”

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

“ዕድሉ ተሰጥቷል። ይናገሩ።”

“አመሰግናለሁ፣ ሰብሳቢ። እስከ ዛሬ ማን ሲገባ ነው ልብሱን አስወልቃችሁ ያያችሁት?”

ከኋላ የተቀመጡት ለመስማት ጠጋ አሉ።

“ይሄ ወንድሜ” አልኩ ወደ ተማሪው ዞሬ፣ “ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ቤቴን በረበረ ብሎ ትናንት ሲናደድ ሰምቻለሁ። መናደዱ ልክ ነው። እንግዲህ የሱ ቤት ያለ ፈቃድ የማይበረበር ከሆነ፣ የኔ ገላ በየትኛው ሕግ ነው የሚበረበረው?”

ከኋላ አንድ ሰው ፍርስ ብሎ ሳቀ። ተማሪው ጆሮው ድረስ ቀላ።

“ገላና ቤት አንድ አይደለም” አለ።

“እሱማ አይደለም። ቤት ይቀየራል።”

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ደግመው አወለቁት።

“እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ይሄ ነገር አይገባኝም፤ የገባኝ ለመምሰልም አልሞክርም። ግን የዚህ ቤት ሥልጣን ምግብ፣ መኝታና መጥረጊያ ላይ ነው። የሰው ቆዳ ጋ ሲደርስ ያበቃል። የመጀመሪያውን ነጥብ ለድምፅ አላቀርብም።”

“ብዙኃኑ ቢፈልግስ?” አለ ተማሪው።

“ብዙኃኑ ቢፈልግም። እኛንስ ያሰሩን ብዙኃኑ ፈልጎ ነው እያሉን አይደል?”

እዚያ ላይ ሁሉም ሳቀ፤ ተማሪው ሳይቀር። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ሁለተኛውን ነጥብ እየጠበቅኩ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ግን አልወደቀም። ፀጉር መላጨት የቤቱ ደንብ ነው፤ በተባይ ምክንያት የወጣ፣ እኔ ከመግባቴ በፊት የነበረ። ጋሼ ራሳቸው ተላጭተዋል። ወደ እኔ ሲያዩ እንዳፈሩ ገባኝ። የቤቱ ፀጉር አስተካካይ መቀሱንና ምላጩን ይዞ ተነሣ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ሊይዙኝ ይሁን ሊያግዙት አላውቅም፣ አብረውት ተነሡ።

ሹሩባውን የሠራችልኝ እኅቴ ነበረች። እየሠራች ትጎትተኛለች፣ ስጮህ ደግሞ “ቆንጆ መሆን ያማል፣ ቻይው!” እያለች ትስቅብኛለች። አላለቀስኩም።

“ደንብ ከሆነ ለኔም ደንብ ነው” አልኩ። “ግን ማንም አይነካኝም። ምላጩን የምይዘው እኔ ነኝ።”

አስተካካዩ ወደ ጋሼ አየ።

“ስጣቸው” አሉት።

መሐል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መስታወት የለም፤ በጣቴ እየዳሰስኩ ሹሩባዎቹን አንድ በአንድ ቆረጥኩና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ራሴን አርጥቤ ምላጩን ያዝኩ። ጭንቅላቴን ብርድ ሲነካው፣ እንዲህ ዓይነት ቅርጽ እንዳለው አላውቅም ነበር ብዬ ተገረምኩ። ከጆሮዬ ኋላ ትንሽ ቆረጠኝ፤ ደሙን በመዳፌ ጠረግኩት።

ስጨርስ ምላጩን አጥቤ፣ እጀታውን ወደሱ አዙሬ ለአስተካካዩ መለስኩለት። ፀጉሬ ሄዷል። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ትናንት በበሩ የገባችው ሴት፣ ሳትጎድል። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩም ተሰማኝ።

መጥረጊያውን ላነሣ ስል ተማሪው ቀደመኝ።

“ተዪው፣ ተራዬ ነው” አለ።

ለምሳ ጋሼ ከማዕዳቸው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። “ቀዝቃዛ ሽሮ ነው፤ ቅር እንዳይልዎት” አሉኝ። እስክፈታ ድረስ የበላሁት ከሳቸው ጋር ነው።

አገር ለቅቄ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ከተማ፣ ዞሰንሃይም ሰፈር ነው። ሥራዬ ፕፍሌገ ነው፤ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። ሥራውን ስንማር መጀመሪያ ካስተማሩን ነገር አንዱ ሰውን ከመንካታችን በፊት “ዳርፍ ኢሽ?” ብለን እንድንጠይቅ ነው፤ ይፈቀድልኛል? ማለት። ክፍሉ ሁሉ ይጽፋል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። አስተማሪዋ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። ይሄን ትምህርት ሌላ ቦታ ወስጄዋለሁ አልኳት።

ባለፈው ጸደይ ጋሼ እዚሁ ከተማ ልጃቸው ጋ እንደመጡ ሰማሁ። ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። ልጃቸው ኒደርራድ የሚባል ሰፈር ቢሮ የምትሠራ፣ እዚህ ብዙ ዘመን የኖረች ሴት ናት። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩና ከአባቷ ጋር ታስሬ እንደነበር፣ ሥራዬም ምን እንደሆነ ነገርኳት።

“ኧረ ባክሽ ነይ” አለችኝ። “ለፕፍሌገ የሚመጡትን ‘ወግዱ’ ይላቸዋል። ጺሙ ደረቱ ጋ ደርሷል። ቀጠሮ ይዘን ሐኪም ጋ ልንወስደው ስንል እንኳ አልነካም ይላል።”

በዕረፍት ቀኔ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። መነጽሩ አዲስ ነው። ለረጅም ጊዜ አዩኝና፣

“ፀጉርሽ አደገልሽ” አሉ።

“አደገልኝ፣ ጋሼ።”

ልጃቸው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ስለ ቤቱ፣ ስለ ተማሪው፣ ስለ ቀዝቃዛው ሽሮ አወራን። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣

“እውነቱን ልንገርሽ፣ እስካሁን አልገባኝም” አሉኝ።

“እንዲገባዎት አይደለም የመጣሁት” አልኳቸው። “ከፈቀዱልኝ ልላጭዎት ነው።”

“ነግሬሻለሁ፣ አይፈቅድም” አለች ልጃቸው በቀስታ።

ለብ ያለ ውኃ፣ ፎጣ፣ ሳሙናና ምላጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። አልቸኮልኩም። ታች መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ።

ጋሼ ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ በዚያ ቤት ድምፅ ሲሰጥ እንደሚነሣው።

“ምላጩን ግን መጀመሪያ እኔ ልያዝ” አሉ።

ሳሙናውን ቀብቼ ሰጠኋቸው። ባልለመደው ግራ እጃቸው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ከጉንጫቸው ላይ አንዲት ጠባብ መስመር አወረዱ። አገጫቸው ጋ ትንሽ ቆረጣቸው። ልጃቸው ደንግጣ ልትነሣ ስትል በዓይኔ አስቆምኳት። ደሙን በመዳፋቸው ጠረጉት። ከዚያ ምላጩን እጀታውን ወደ እኔ አዙረው ዘረጉልኝ።

“የቀረውን አንቺ ጨርሺው” አሉኝ።

ጨረስኩት። መስታወት ሲያዩ አገጫቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩና ልጃቸውን ጠሯት። “ለነዚያ ጀርመኖች ንገሪያቸው፤ ይምጡ። ግን ይጠይቁኝ።”

ዛሬም በየጠዋቱ የሰው በር አንኳኩቼ እገባለሁ። ውኃውን አዘጋጃለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ መልሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ቀን “አይሆንም” ይሉኛል፤ ፎጣውን አጥፌ ነገ እመለሳለሁ።