አምስት ስንዝር

ያን ቀን ከችካሉ እስከ ግድቡ ዳር ስንት ስንዝር ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰሞኑን ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ ስሄድ፣ ጀውሃን አለፍ እንዳልን፣ ከአንድ የሽንኩርት ማሳ ራስጌ አዲስ የአፈር ኩሬ በሚኒባሱ መስኮት አየሁ። የከሰዓቱ ነፋስ ውሃውን ከዳርቻው ጋር ያላትመዋል። ትንሽ ማዕበል ናት፣ ጉልበት ያላት አትመስልም። ግን እንደ ፍየል ናት፤ አንድ ቦታ ከለመደች እስከ ሥሩ ትግጠዋለች።

የእኛም ኩሬ እንዲሁ ነበር። ውሃውን ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ ጋሼ ይማም፣ ነፋስ በሚመታው ግድብ አናት ላይ ችካል ተክለው ነበር። ማዕበሉ አፈሩን በናደ ቁጥር ዳሩ ወደ ችካሉ ይጠጋል። ከአራት ስንዝር ካነሰ ውሃው ይቀነስና ሰው ሁሉ እሾህና ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። በየቀኑ የምለካው እኔ ነበርኩ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሦስተኛ ክፍል የገባሁት፣ ልጆቹ “እማማ ተማሪ” የሚሉኝ። ጋሼ ይማም ግን የተማረ አይዋሽም ብለው መረጡኝ።

ረመዳን ነበር፤ ወደ ችካሉ የሚወስደው አሸዋ እግር ይጠብሳል። ለነገው ፈተና ሳጠና፣ ችካሉ ካለበት ማዶ፣ ከግራር ጥላ ሥር ቀረሁ። ጋሼ ይማም መጥተው ሲጠይቁኝ የትናንቱን ልኬት ነገርኳቸው።

“አምስት ስንዝር።”

“ነፋሱ በርትቷል እኮ።”

“አምስት ነው፣ ጋሼ።”

“እንግዲያ ዘይነባ ሽንኩርቷን ትንቀል” ብለው ከግድቡ ሥር ማሳ ላይ ወዳሉት ሚስታቸው ወረዱ።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ሳይባል ግድቡ ተናደ። እትዬ ዘይነባን ያገኘናቸው ከማሳው በታች ነው፤ የሽንኩርት ቅጠል በእጃቸው እንደጨበጡ።

ሰው ጥፋቱን በጋሼ ይማም ላይ ጣለ፣ የውሃ አባትነቱንም ነጠቃቸው። ሚስቱን ያልጠበቀ ውሃ ይጠብቃል ወይ እያሉ ሲያሽሟጥጡ ሰምቻለሁ። እርሳቸው ስሜን አላነሱም። “አምስት ላይ የሚናድ ከሆነ፣ አራት ብዬ መወሰኔ ነው ያጠፋት” ይሉ ነበር። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ በልጆች ደብተር አንዲት የጎደለች ነጥብ አላሳልፍም። ይህንን ግን አሳለፍኩት።

ካራቆሬ አልደረስኩም። መንገድ ላይ ወርጄ ወደ መንደራችን ተመለስኩ። ጋሼ ይማም ደጃፋቸው ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። አምስቱ የትናንት ልኬት እንደነበረ፣ ችካሉ ጋ እንዳልሄድኩ ነገርኳቸው። የሚቆጥሩትን ሙስበሃ አስቀመጡ። ከዚያ አውራ ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን ምንጣፉ ላይ ዘረጉ።

“ታዲያ ስንት ነበር?”

“አላየሁም፣ ጋሼ።”

እጃቸውን አላነሱም።