ትንፋሹ የጋሽ መርዕድ ነው

ጸዳለ ያን ቅዳሜ ዌምብሊ ድረስ የሄደችው ለሽምብራ ዱቄት ነው። ጾሙ ሊገባ ነበር። የሽምብራ አሳ ባገኙት ዱቄት አይሠራም ብላ ስለምታምን፣ ከፊንስበሪ ፓርክ ተነስታ ባቡር ቀያይራ ከአንዲት የታሚል ሴት ሱቅ ትገዛለች። ባሏ «ዱቄት ልትገዢ ነው ወይስ ወሬ ልትሸምቺ?» እያለ ይቀልድባታል። አልተሳሳተም፤ ጸዳለ ሰው ካገኘች ዱቄቱ ይረሳል።

የሱቁ መተላለፊያ ጠባብ ነው። ከሩዝ ጆንያዎቹ ፊት አንድ ሽማግሌ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ወንጌል እንደሚነበብለት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከጣሪያው ሥር ካለው ድምፅ ማጉያ የታሚል የፊልም ሙዚቃ ይሰማል። የፈረንጅ ቫዮሊኖች ከሥር እንደ ምንጣፍ ተነጥፈዋል፤ ከላይ ደግሞ በሁለት ፊቱ የሚመታ ከበሮ ይንደቀደቃል። «ይቅርታ፣ ላልፍ ነው» ልትል ስትል ሽማግሌው ጣታቸውን ብድግ አደረጉ። ሙዚቃው ጸጥ አለ። በጸጥታው መሀል አንድ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ፤ «እ!»

አገር ቤት ሰው ሲጠራ ወይም ሲስማማ በአፉ «አዎ» በማለት ፈንታ የሚስባት ያቺ ትንፋሽ ናት። ጸዳለ ሽማግሌው የመለሱላት መስሏት «አቤት?» አለች።

ሽማግሌው ዞር አሉ። «እኔ አይደለሁም» አሉ በአማርኛ። «ማለቴ፣ እኔ ነኝ። ግን የአሁን አይደለም።» ከዚያ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩአት። «ጸዳለ? የሬስቶራንቷ?»

«ጋሽ መርዕድ! በሞቴ! ካናዳ ገቡ ተብሎ አልነበር እንዴ?»

«ማን ነው ደግሞ ካናዳ የላከኝ? እዚሁ ስቴዲየሙ ውስጥ ወንበር ስጠርግ ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ።»

ጸዳለ አንድ ጊዜ እጃቸውን ከያዘች በኋላ የምትለቅ አልሆነችም። ጋሽ መርዕድን የምታውቃቸው ፊንስበሪ ፓርክ በአንድ የሐበሻ ሬስቶራንት አስተናጋጅ በነበረችበት ጊዜ ነው። በደርግ ዘመን በአንድ ክፍለ ጦር የኪነት ቡድን ውስጥ ዋሽንት ነፊ ነበሩ፤ በስደት ለንደን ከገቡ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሬስቶራንቱ ጥግ ይነፉ ነበር። ታዲያ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ደንበኛው ሁሉ በሁለት ጠረጴዛ ተከፈለ። እዚህ ሲጮኹ እዚያ ይመልሳሉ፤ ዋሽንቱን የሚሰማ ጠፋ። ዘርይሁን የሚባለው የቤቱ ባለቤት እንኳ «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጓት፣ ክርክሩ አልሰማ አለ» ብሏቸው ያውቃል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቀሩ። በዚያው ጠፉ።

«እንዴት ነው ነገሩ? ያ ትንፋሽ የእርስዎ ነው?»

«ከኔ የቀረው እሱ ብቻ ነው» አሉ።

የሱቋ ባለቤት ቫሳንቲ ጋሽ መርዕድን «አንክል» ነው የምትላቸው። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ አይታ በወረቀት ኩባያ የወተት ሻይ አመጣችላቸውና፣ የሩዙ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ጩኸት መሀል አንድ ቀጠን ያለ የታሚል ሰው ሬስቶራንቱ ውስጥ ሹካውን አስቀምጦ ዋሽንቱን ሲሰማ አመሸ። የፊልም ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ኖሯል። ለንደን የመጣው ለአንድ ፊልም የፈረንጆቹን ቫዮሊንና የአገሩን ከበሮ አንድ ላይ ሊያስቀርጽ ነው። «ዋናውን ዜማ አንተ ንፋልኝ» አላቸው። በጉሮሮው ሲያንጎራጉርላቸው ጊዜ ጋሽ መርዕድ ሳቃቸው መጣ፤ አምስት ድምፅ ነው፣ የኛ ትዝታ ራሱ!

«ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ ስቱዲዮ ገባን ልበልሽ። ፈረንጆቹ ወረቀታቸውን ዘርግተው እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። እኔን ማዳመጫ አድርገውልኝ ለብቻዬ አንድ ክፍል አስገቡኝ። አቀናባሪው በመስተዋቱ ማዶ ነው። ‹ዝግጁ ነህ?› ሲለኝ እ! አልኩት፤ በኛ። ማይኩ አፌ ላይ ነው፣ ያቺን ቀረጿት።»

ጸዳለ ሳቀች። «እኔንም እኮ እ! ስለው የሰፈር ሐኪሜ ‹ይሄ ነገር ከጀመረሽ ቆየ?› ብሎ ለአስም ቼክ አድርጎኛል!»

ጋሽ መርዕድ ግን አልሳቁም። «ከዚያ መንፋት ጀመርኩ። ቀና ብዬ ባይ ሰውየው ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዘውዛል። አይሆንም ማለቱ ነው ብዬ ሌላ መንገድ ያዝኩ፤ ጌጥ ጨመርኩ። ባሰበት። ነፍሴን አውጥቼ ነፋሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ነፍቼ አላውቅም፣ ጸዳልዬ። እሱ ጭራሽ ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን ይወዘውዝ ጀመር። ሊያየኝም አልፈለገም አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ ምነው አልጠየቁት?»

«መጠየቅ ማን አስተምሮኝ! በኪነት ቡድን ኃላፊያችን ራሱን አንዴ ከወዘወዘ መሣሪያህን ይዘህ ከመድረክ መውረድ ነው። ምን አጠፋሁ ብሎ ነገር የለም፤ እሱን ያለ ጓድ የት እንደገባ ጠያቂም የለው። ደሞ ይሉኝታው አለ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አትሆነኝም ለማለት ከሚጨነቅ ልገላግለው አልኩ። ዕረፍት ሲባል ዋሽንቴን ኮቴ ውስጥ ከትቼ በጎን በር ወጣሁ። ዋናውን ዜማ እኮ ገና ከምሳ በኋላ ነበር የምንቀርጸው። ጠዋት የነፋሁት ለሙከራ ነው።»

ስልክ በተደጋጋሚ ተደወለላቸው። አላነሱም። መልእክት ተተወላቸው፤ ሳይሰሙ አጠፉት። ይቅርታ ሊለኝ ነው፣ የይቅርታ ቃል ደግሞ ከስድብ ይከብዳል ብለው። ሬስቶራንቱም መሄድ አስጠላቸው፤ «እንዴት ሆነ ፊልሙ?» ብሎ የሚጠይቃቸውን ሰው ፈሩ። ዋሽንቱን በጨርቅ ጠቅልለው ከቁም ሳጥን በላይ ሰቀሉት።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዓመታት አለፉና አንድ ቀን እዚህ ሱቅ ገባሁ። ጥቁር አዝሙድ አለሽ ወይ አልኳት ይቺን ቫሳንቲን። ራሷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ወዘወዘችው። የለም ማለቷ ነው ብዬ ልወጣ ስል ‹አንክል፣ የት ይሄዳሉ? አለ እኮ እያልኩዎት ነው!› አለችኝ። ‹እንዴት አለ ትያለሽ፣ ራስሽን ወዘወዝሽ አይደል?› ብላት እየሳቀች ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እሱማ እሺ ማለት ነው። ነገሩ በጣም ደስ ካለንማ ዐይናችንን ጨፍነን ነው የምንወዘውዘው።›»

ጸዳለ አፏን በእጇ ያዘች።

«የሰውየው ነገር ያኔ ገባኝ» አሉ ጋሽ መርዕድ ሻያቸውን እያማሰሉ። «አዝሙዱንም ሳልገዛ ወጣሁ። በሌላ ቀን መጥቼ የፊልሙን ነገር ስነግራት ዘፈኑን እሷው ፈልጋ አገኘችው። መጀመሪያ ከጠዋቱ ሙከራ ያስቀሯት ትንፋሼ አለች። ከዚያ ወዲያ የሚነፋው የፈረንጅ የብረት ፍሉት ነው። ጎበዝ ልጅ ነው የነፋው፤ አልነቅፈውም። ግን የኔን ትንፋሽ ሰምተሽ እኔን ስትጠብቂ እሱ ይመጣብሻል።»

ቫሳንቲ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆና «አንክል፣ ልድገመው?» አለች። ጋሽ መርዕድ በእጃቸው ተይው አሏት።

ጸዳለ ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ ሰውየው አለ አይደል? በሕይወት አለ?»

«አለ። በየዓመቱ ለኮንሰርት ለንደን ይመጣል ትላለች ቫሳንቲ። የሚያዘጋጁትን ሰዎች ታውቃለች፤ ቁጥሩንም አምጥታ ሰጥታኛለች።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ምን ልበለው? ወንድሜ፣ እሺ ስትለኝ እምቢ ያልከኝ መስሎኝ ጥዬህ ሄድኩ ልበለው?»

«አዎ! ልክ እንደዚያው!»

«ከዚያስ እስኪ ንፋልኝ ቢለኝስ?» አሉና ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩዋት። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቻቸው ሰው ሠራሽ ናቸው። «ዋሽንት እንደ መኪና አይደለም፣ እቃ ቀይረሽለት የሚነሳ። አሁን ብነፋ ትንፋሹ በጎን ይሾልካል። ያን ቀን የነበረው ትንፋሽ ያን ቀን ቀረ።»

«አይንፉለት! ማን ንፉ አለዎት? ያን ሁሉ ዓመት ያ ሐበሻ ለምን ጥሎኝ ሄደ እያለ ይሆናል እኮ። ምን አስቀየምኩት እያለ። እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ የተጎዱት?»

ይቺን ጋሽ መርዕድ አስበዋት አያውቁም ነበር መሰል፣ ኩባያቸውን አፋቸው ጋ እንዳደረሱ ቆዩ። ከዚያ ሳይጠጡ መልሰው አወረዱት።

አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘቻቸው። ውጪው ካፊያ ነበር። የገዙትን ሽንኩርት ይዛላቸው፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ባሏ ጨጓራ፣ ስለ ዘርይሁን ሬስቶራንት መዘጋት እያወራች ሄደች፤ እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። አውቶቡሱ ከታጠፊያው ብቅ ሲል ክንዳቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ ይደውሉለታል አይደል? በእናትዎ!»

ጋሽ መርዕድ ራሳቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ዝግ ብለው ወዘወዙ።

ጸዳለ ፊታቸው ላይ መልሱን ፈለገች፤ አጣችው። «ቆይ ቆይ፣ ይሄ እሺ ነው እምቢ? በኛ ነው በነሱ?»

የአውቶቡሱ በር ተከፈተ። ጋሽ መርዕድ ሽንኩርታቸውን ተቀብለው አንድ እግራቸውን አስገቡና ዞር ብለው አዩአት።

«አየሽ፣ እኔም ያን ቀን ይቺን ብቻ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።»