ለኤዶ የተረጎምኩት መርማሪ

ጅጅጋ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ከካራማራ በኩል ይነሳና ቆርቆሮውን እያንኳኳ ሰውን ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘዋል። የዚያን ዓመት ነገር ሳስታውስ ሁሉም የሚታየኝ በዚያ ነፋስ ውስጥ፣ በጎረቤቴ ቀይ መጋረጃ አልፎ በሚገባ ብርሃን ነው። የትኛውን በዓይኔ እንዳየሁ፣ የትኛውን በቴሌቪዥን እንዳየሁ አንዳንዴ ይምታታብኛል።

ጎረቤቴ ገበያ ውስጥ ድሪያ የሚባለውን የሴቶች ስስ ቀሚስ የምትሸጥ መበለት ናት። ኤዶ ነው የምላት፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው እናቴም እሷም ሲያወሩ በሶማሊኛ ስለነበር፣ ከኤዶ አፍ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ልጅ ነበራት። ዲፕሎማውን ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ኮሮና ጋብ ባለበት ሰሞን ታህሪብ ወጣ፤ ባሕር ለመሻገር በደላላ መሄድን እንዲህ ይሉታል። ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

እሱ ከሄደ ከወራት በኋላ ኤዶ ጠራችኝ። ከአስር ሶላት በኋላ በአማርኛ የሚተላለፍ የውጭ አገር የወንጀል ድራማ ነበር። «አማርኛው ይፈጥንብኛል፣ እየመጣሽ ንገሪኝ» አለችኝ። እኔ በጠዋት ፈረቃ አስተምሬ ስለምገባ ከሰዓቱ የራሴ ነው። ፔርሙዟን መሃላችን አስቀምጣ፣ የወተት ሻዩን ትቀዳለች፤ እኔ እተረጉማለሁ።

ድራማው ሁልጊዜ ዝናብ በሚዘንብበት ከተማ ውስጥ ስለሚኖር አንድ መርማሪ ነው። ፊቱ ያሳዝናል። ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለሕገወጥ ደላሎች የሚሠራ አንድ ወጣት ይይዝና አንጀቱ ራርቶ ይለቀዋል። ወጣቱ በዚያው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መርማሪው ልጁን ሲፈልግ፣ እናቱን ሲያጽናና ይኖራል። በሩን የከፈተለት እሱ ራሱ መሆኑን ግን አንድም ቀን አይነግራትም። መስተዋት ፊት ቆሞ «እውነቱ ይገድላታል፤ ስለማዝንላት ነው» ይላል፤ ብሎም ያምነዋል።

መርማሪው ወጣቱን የሚለቅበትን ክፍል ስተረጉም ግን፣ «ልጁ በመስኮት አመለጠ» አልኳት።

አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ውሸቱን መመገብ የእኔ ሥራ ሆነ። አለቃው መርማሪውን «ለምን ለቀቅከው?» ብሎ ሲጮህበት፣ መኪናውን የማይሆን ቦታ አቁሞ ነው አልኳት።

«ለመኪና ይህን ያህል?» አለች ኤዶ።

«የእነሱ አገር ሕግ ጥብቅ ነው።»

«ጉድ ነው» አለችና ሻይ ጨመረችልኝ።

ለምን እንደዋሸሁ ልናገር። ልጇ የሄደ ዕለት ጠዋት እኔ ለለቅሶ ወደ አውበሬ ልሄድ መኪና ተራ ነበርኩ። ወደ ውጫሌ ድንበር የሚሄደው መኪና ውስጥ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ሲያየኝ ወረደ። «እስከ መግሪብ ለእናቴ እንዳትነግሪ፣ ማይልኝ» አለኝ። ማልኩለት። መኪናው እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሟል። የኤዶ ሱቅ ከዚያ አምስት ደቂቃ አያስኬድም። አልሄድኩም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብም ደረሰ፣ አለፈ፤ አልተናገርኩም። በኋላ ለራሴ «አዝኜለት ነው፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ አንጀቴን በልቶት ነው» አልኩ። በኋላ ደግሞ «ለእሷ አዝኜ ነው» አልኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር፤ መጀመሪያ እሱ እንዳይቀየመኝ፣ ከዚያ እሷ እንዳትጠላኝ። ይህን ለማወቅ ያ የማይረባ መርማሪ አስፈለገኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ እንዲሉ፣ የራሴን ጥፋት እሱ ላይ አላክኬ በየቀኑ ስረግመው ከረምኩ።

አንድ ቀን ነፋሱ እንደልማዱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። መርማሪው እናትየው ፊት ተቀምጦ እጇን ይዟል። «ለልጅሽ ያላደረግኩት ነገር የለም» አላት።

«ውሸታም!» አልኩ፣ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።

«ምን አለ?» አለች ኤዶ።

«ልጅሽ ደህና ነው አላት።»

ኤዶ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ቀነሰችው። «እንደሱ አላለም» አለችኝ፤ ቆረጥ ቆረጥ ባለ፣ ግን ጥርት ባለ አማርኛ።

እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ኤዶ ቀጠለች። «ልጅ ሳለሁ ጦር ሰፈሩ በር ላይ ለወታደሮች ወተት ሸጫለሁ። ብዙ ዓመት። ሁሉንም እሰማለሁ። በመስኮት አልወጣም ልጁ። እሱ ነው የለቀቀው።»

«ታዲያ ለምን ተርጉሚልኝ አልሽኝ?»

«እንድትመጪ። ስትተረጉሚ አንድ ቀን የራስሽን ትነግሪኛለሽ ብዬ።» ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ልጄ የሄደ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። የት ሄደ? መቼ ሄደ? ከማን ጋር? ሕፃን ሳይቀር ጠየቀኝ። አንቺ መጣሽ፣ አለቀስሽ፣ ዕቃ አጠብሽልኝ። የት ሄደ ብለሽ ግን አልጠየቅሽም። አንቺ ብቻ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱ ውስጥ አንድ መርማሪ ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር። ነገርኳት። መኪናውን፣ መሐላውን፣ አምስት ደቂቃውን፣ ፍርሃቴን፣ ሁሉንም። ታባርረኛለች ብዬ ጫማዬ ያለበትን በር እያየሁ ነበር የማወራው።

አላባረረችኝም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ። መጋረጃውን እያየች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«በልቶ ነበር?»

«ሁለት ሳምቡሳ ገዛሁለት። አንዱን በላ፤ አንዱን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።»

«የቱ ኪስ?»

«የጃኬቱ። የውስጠኛው።»

ራሷን ነቀነቀች። ያን ጃኬት የገዛችለት እሷ ናት። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ሪሞቱን አነሳችና ድምፁን መልሳ ጨመረችው። መርማሪው አሁንም የእናትየዋን እጅ እንደያዘ ነው።

«ተርጉሚ» አለችኝ በሶማሊኛ፣ አማርኛውን ከእኔ በላይ እየሰማች።

ያለውን በሙሉ ተረጎምኩላት።