ሰማያዊ ሸራ የለበሰው መኪና

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የምታስታውሰው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «መንገድ ላይ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሹፌሮች ናቸው፤ እውነት ለመናገር አላበዙበትም። ሰውየው የአንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የጭነት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ከወደብ የሚነሳው የነጋዴ ዕቃ በየትኛው መኪና፣ መቼ እንደሚጫን የሚመድበው እሱ ነው። ዕቃው ገና መርከብ ላይ ሊሆን ይችላል፣ የጉምሩክ መጋዘን ተቆልፎበት ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ የገባበትም ሊጠፋ ይችላል። እሱ ስልኩን አንስቶ «አይዞዎት፣ መንገድ ላይ ነው» ይላል።

ውሸቱ ደግሞ ለዛ አለው። ሌላው ሰው ሲዋሽ ይቸኩላል፤ እሱ ግን ተረጋግቶ ይዘረዝራል። ሹፌሩ ምሳ በልቶ እንደተነሳ፣ ጎማ አስፈትሾ እንደነበር፣ ዝናብ ስላለ ቀስ እያለ እንደሚመጣ ይነግርዎታል፤ ስልኩን ሲዘጉ መኪናውን በዓይንዎ ያዩት ያህል ልብዎ ይረጋጋል። ክፉ ስለሆነ አይምሰልዎ። በስልክ የሰው ድምፅ ሲከፋ መስማት አይችልም፣ በሽታው ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ዕቃው ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ነጋዴው ያጉረመርማል፣ ነገሩ ይረሳል። እንዲህ ሲል ዓመታት አለፉ፤ አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም።

እታለም ታላቅ እህቱ ናት። «እታለም» ብሎ የጀመረው እሱ ነበር፤ በኋላ ሠራተኞቿም፣ ቲማቲም የሚያመጡላት ገበሬዎችም ያዙትና ስሟ ሆኖ ቀረ። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ነፍስ ያላወቀ ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አልብሳ፣ ተቆጥታ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ጓሮዋ ውስጥ ባሠራችው አዳራሽ፣ ከቀጠረቻቸው ጥቂት ሴቶች ጋር ቲማቲም እያፈላች፣ ድልሁን በጠርሙስ እያሸገች ለሱቆች ታከፋፍላለች። ጠርሙሱ እዚሁ ይገኛል፤ ክዳኑ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ክዳን ከሌለ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ድልሁ ሲያድር ይቦካል።

በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ድልሁን በየቅርንጫፉ ሊሸጥላት ተስማምቶ ነበር። የመጀመሪያውን ጭነት በቀጠሮው ካላገኘ ግን ሌላ አቅራቢ እንደሚፈልግ ፊት ለፊት ነግሯታል። እታለም ለዚህ ነገር ብላ ድስት ጨምራለች፣ ሰው ጨምራለች፣ እንቅልፍ ቀንሳለች።

የክዳኑ ካርቶኖች ወደብ ከደረሱ ሰንብተዋል። በረቡዕ መኪና እንዲነሱ የመደባቸው ራሱ «መንገድ ላይ» ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ በበሩ ብቅ አለና፣ ማቀዝቀዣ አስመጪው ደንበኛ እንዳኮረፈ፣ ዕቃው በሙሉ በአንድ መኪና ካልተነሳለት ወደ ሌላ ድርጅት እንደሚሄድ ነገረው። ከረቡዕ መኪና ላይ የሚወርድ ነገር እንዳለም ጠየቀው። «መንገድ ላይ» ብዙም ሳያስብ፣ ክዳኑ ይውረድ አለ። ክዳን እኮ ነው፤ የክዳኑ ባለቤትም የራሱ እህት ናት፣ አኩርፋ የት ትሄዳለች? በሚቀጥለው መኪና ይመጣል ብሎ ራሱን አጽናና። የሚቀጥለው መኪና ግን ረቡዕ ጠዋት እዚያው ወደብ ላይ ሞተሩ ተበላሸና መለዋወጫ እየጠበቀ ተገተረ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እታለም ደወለች። ገበሬዎቹ፣ ቲማቲሙ ቀልቷል፣ እንልቀመው ወይስ ይቆይ እያሉ እየነዘነዟት ነው። ጥቂት ቀን ተክሉ ላይ ቢቆይ ችግር የለውም፤ አንዴ ከተለቀመ ግን የሚመለስበት የለም። ስለዚህ ነገሩን ከእሱ አፍ መስማት ፈልጋለች።

«ወንድማለም፣ እውነቱን ንገረኝ። ላስለቅም?»

እዚህ ላይ «አልተጫነም» ቢላት ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ኩርፊያ ያልቅ ነበር። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶም ነበር። ግን ድምፅዋ ሲከፋ ታሰበውና የለመደ ምላሱ ቀደመው።

«አስለቅሚ እታለም። መንገድ ላይ ነው። ነጭ መኪና ነው፣ ሰማያዊ ሸራ ለብሷል። ዓርብ ረፋዱ ላይ ይገባል።»

እንዲህ ያለ መኪና በእርግጥ ነበር፤ ዓርብ ረፋዱ ላይም የሚገባ ነበር። የጫነው ግን ማቀዝቀዣ ነው። እታለም እንደ ልማዷ አንጀቷ እስኪርስ መረቀችው፤ እሱም አሜን እያለ ሰማት።

ሐሙስን ሲሯሯጥ ዋለ። ወደብ ደወለ፣ ሌሎች ድርጅቶች ጋ ደወለ፣ ለጥቂት ካርቶኖች የሚሆን ጥግ ያለው መኪና ፍለጋ የማያውቃቸውን ሹፌሮች ሳይቀር ለመነ። በመጨረሻ የወደቡ ወኪል፣ አይዞህ፣ አታስብ፣ ዛሬ ማታ እናስነሳዋለን፣ ሹፌሩም ተዘጋጅቷል አለው። «መንገድ ላይ» ያቺን ለስላሳ አነጋገር የት እንደሚያውቃት ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ዓርብ ጠዋት ከቢሮ በፊት እህቱ ጋ ሄዶ ፊት ለፊት ሊነግራት ወሰነ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚለውን ሲለማመድ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ጠጋ ብለው ደህና መሆኑን ጠየቁት። ከታክሲ ወርዶ ወደ እሷ ሰፈር ሲታጠፍ መንገዱ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ አገኘው፤ በቦዩ ላይ እየዘለለ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም። ቲማቲም የሞሉ ሣጥኖች እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድረዋል፤ ሽታው ከበር ይቀበላል። የታጠቡት ጠርሙሶች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አፋቸውን ደፍተው ውኃቸውን ያንጠፈጥፋሉ። ክዳን የሚቀመጥበት መደርደሪያ እንኳ ተወልውሎ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎበታል።

ሽማግሌው ዘበኛ ከደጅ ብቅ ብለው፣ መኪናው በተቆፈረው በኩል ስለማያልፍ ሁሉም ካርቶኑን ተሸክመው ሊያመጡ፣ ከወደብ የሚመጣ መኪና ሁሉ የሚያልፍበት ዋናው አስፋልት ድረስ እንደወጡ ነገሩት። ያስመጣላቸው እሱ መሆኑንም ሰምተዋልና፣ እግዜር ይስጥልን ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። እሱም ጨበጣቸው። ምን ያድርግ?

አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ሴቶቹ ከጎረቤት የተዋሷቸውን የእጅ ጋሪዎች ይዘው፣ ዓይናቸውን መኪና ወደሚመጣበት ተክለው ቆመዋል። እታለም ነጭ የሥራ ጋውኗን አስተኩሳ ለብሳለች። ስታየው ፊቷ በራ። ሥራውን ትቶ አብሯት ሊቀበል የመጣ ነው የመሰላት።

«አላልኳችሁም?» አለቻቸው ወደ ሴቶቹ ዞራ። «የኔ ወንድም ካለ አለ ነው።»

ክንዷን ይዞ ወደ ዳር ሊወስዳት ሞከረ። አንዴ ላናግርሽ ብሎ ሳይጨርስ፣ ከሴቶቹ አንዷ «መጣ፣ ሰማያዊ ሸራ!» አለች። ዞር ሲል እውነትም መጣ፤ ነጭ መኪና፣ ሰማያዊ ሸራ፣ ልክ እሱ እንዳለው። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እታለም ወደ መንገዱ ጠርዝ ጠጋ ብላ እጇን ከፍ አደረገች። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ሹፌሩ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣና፣ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ወንድሟ እያየ፣ «አለቃ፣ ሰላም ነው?» ብሎ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

እታለም ሹፌሩ የሳታቸው መስሏት እጇን እያውለበለበች ተከትላ ሮጠች። ያቺ እድሜዋ የገፋ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ሮጠች። አንዱ ጫማዋ ወለቀ። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ቆመች፣ ተመልሳ ጫማዋን አነሳች፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ እሱ አየች። ሹፌሩ እንደሚያውቀው አይታለች፤ ሳይቆምለት ሰላም ብሎት እንዳለፈም አይታለች። «መንገድ ላይ» ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

እታለም ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወደ እነሱ ተራመደች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ይሄኛው አይደለም ብሎኝ ነበር፤ ሰምቼ ሳልጨርስ ነው አንከራትቼ ያወጣኋችሁ። በሉ እንመለስ።»

እዚያ ላይ አፉን ከፍቶ «እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። አላለም። ለማያውቀው ነጋዴ ሁሉ እንደ ቧንቧ የሚፈስ አፉ ያን ሰዓት ተለጎመ። ለመዋሸቱስ ማመካኛ አያጣለትም፤ ይህ ዝምታው ግን ዛሬም ትዝ ሲለው ብቻውን ክፍል ውስጥ ሆኖ እንኳ ፊቱን ያቃጥለዋል።

ከሴቶቹ ወደ ኋላ ቀርተው፣ እሱ ባዶውን ጋሪ እየገፋ፣ እሷ አጠገቡ እያነከሰች ተመለሱ።

«አልተጫነም፣ አይደል?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልተጫነም።»

«አስለቅሚ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

በጥፊ ብትለው በተሻለው። እሷ ግን ቦዩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

«ልጅ ሆነህም እንዲህ ነበርክ» አለች። «የምትለኝ ደስ ስለሚለኝ እያወቅሁ አልፍህ ነበር። አስተካክዬ አላሳደግሁህም።»

ያን ቀን ቢሮ አልገባም። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ሣጥን ሲሸከም ዋለ። ጥቂቱን ቲማቲም ለሆቴሎች፣ ጥቂቱን ለአላፊ አግዳሚው በርካሽ ሸጡት፤ የቀረው በሁለተኛው ቀን ለስልሶ ውኃ አወጣ። ሱፐርማርኬቱ እንዳለውም ሌላ አቅራቢ ፈለገ። እታለም ክዳኑ እስኪመጣ ብላ ሴቶቹን አሰናበተቻቸው። ከመካከላቸው አንዷ በሩ ላይ ቆማ፣ በእኛ ምክንያት ከሥራዎ ተስተጓጎሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልን አለችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ምንም አይደል አለ።

መኪናው ተጠግኖ ክዳኑ የተነሳው ቲማቲሙ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህኛው ጊዜ «መንገድ ላይ» በወኪሉ ቃል አልረካም፤ ካርቶኖቹ ሲጫኑ ጫኙ ስልኩን ከፍቶ እንዲያሰማው አደረገ፣ ሹፌሩንም ከወደቡ ኬላ ሲወጣ አነጋገረው። ከዚያ እህቱ ጋ ደወለ።

«እታለም፣ ተጭኗል። መንገድ ላይ ነው።»

እውነቱን ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ከበፊቱ በምንም አልተለየም፤ ያው ድምፅ፣ ያው ማባበል። ሰሚው ራሱ ቢሆን ኖሮ አያምነውም ነበር።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች እታለም፣ ለማያውቁት መሥሪያ ቤት ሲደወል በሚወጣው የትህትና ድምፅ። «የሹፌሩን ስልክ ስጠኝ፤ እኔው ልጠይቀው።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ጠይቃው አታውቅም። እሱ እየነገራት ጻፈች። ከዚያም ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው መልሳ አነበበችለትና፣ ትክክል መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቀችው።